የታቪታ ጓዳ ድምፅ

ታቪታ ፓኒኬኬውን በወረቀት ጠቅልሎ ለፌቱ አቀበላት። እንደ ቦምቦሊኖ የተጠበሰ፣ ትኩስ ነው።

«ብይው፤ ግን ጥርስሽን ጠብቂ» አለ።

ሚሞሪ ካርዱ ከድብልብሎቹ በአንዱ ውስጥ ነበር። ፌቱ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የአፒያን ገበያ ቃኘች። ለገበያተኛው እሷ ካላኒ ናት፤ ከሃዋይ የመጣች፣ ሳሞአኛ አንዲት ቃል የማትሰማ፣ የሊዮ ኩባንያ ቴክኒሻን። ሊዮን እንድትሰልል ለላኳት «ሸርጣን» ናት። የሳሞአ ልጅ መሆኗን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሊዮ ሠራተኛው ታቪታና የእሷው አለቃ «መልሕቅ»።

ሊዮ በየቤቱ በነፃ ያደለው ክብ ስፒከር አለ። ሰዉ «ጆሮ» ይለዋል። በሳሞአኛ ያወራል፣ መዝሙር ይከፍታል፣ ዝናብ መጣ ብሎ ያስጠነቅቃል። ደግነቱ አይጣል ነው። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ስትጠፋ ምንም አይሰማም ብሎ ኩባንያው ምሏል። ውሸቱን ነው፤ መብራቷ ጠፍታም ይቀዳል፣ የቀዳውን ባሕር ማዶ ይልካል። ዛሬ ከሰዓት የምክር ቤቱ ኮሚቴ በግል መረጃ ሕጉ ላይ ይወስናል። ሊዮ የጓዳ ድምፅን የሚጠብቀውን አንቀጽ ማስወጣት ይፈልጋል።

«የማን ቤት ነው?» አለች ፌቱ።

«የራሴ ነዋ። የሰው ጓዳ ከፍቼ የምሰርቅ መሰለሽ?» ቆጣ አለ። «መብራቱ ጠፍቶ፣ እኔና ሚስቴ ሎሳ ተኝተን ያወራነው ነው። የመንደራችንን አለቃ፣ ቱአላን፣ አጭበርባሪ ብዬዋለሁ። እኔ እንደሆነ አፌ ክፉ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ከሰሙ ከነልጆቼ ከመንደር ያባርሩኛል።»

«ማንም አይሰማም። ባለሙያችን የሚያየው የመብራቱን ምልክት ብቻ ነው። ወሬውን አይከፍተውም።»

«ማይልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ቃሏ! የሰላይ ቃል። ታቪታ ግን አመናት።

ወደ ምክር ቤቱ የሚሄደው አውቶቡስ ቶሎ ሞላ። በአፒያ አውቶቡስ ሲሞላ ሰው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያፍርም። እንግዳ ብቻ ነው ወንበሩን ይዞ ዓይኑን የሚያፈጥ።

አንዲት አሮጊት ገቡ። ፌቱ ብድግ አለች። ወደ ኋላ አለፈችና አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጭን ላይ ዘፍ አለች። ሴትዮዋም እንደ ልጇ ወገቧን ያዘቻት።

ያኔ ነው ስህተቷን ያወቀችው።

ካላኒ እንዲህ አታደርግም።

አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ባርኔጣውን ቀና አደረገ። ፓውሎ ነው፤ የሊዮ ጥበቃ።

«ለሃዋይ ሰው፣ ጭን ታውቂበታለሽ» አለ በሳሞአኛ።

እንዳልገባት ሆና በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

«ተዪው ባክሽ። ከውጭ ከመጡት ቴክኒሻኖች አንዷ የአገራችን ልጅ ናት ብሎ መልሕቅ ነግሮናል። ስሟን ግን ዋጋ ካልጨመራችሁ አልናገርም አለ፣ ሆዳም። ይኸው በነፃ አገኘሁሽ።»

ሸጧታል። ምክር ቤቱ በር ላይ ከባለሙያው ጋር ይጠብቅሻል የተባለው መልሕቅ ሸጧታል። ባለሙያ የሚባልም አልነበረም ማለት ነው።

የፓውሎ እጅ ወደ ቦርሳዋ ተሰደደ።

«እናቶቼ» አለች ፌቱ ጮክ ብላ፣ በጥሩ ሳሞአኛ፤ «ይህ ሰውዬ እጁን ሰደደብኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለች ወፍራሟ ሴትዮ። «እናትህ ይህን ነው ያስተማረችህ?»

«እማማ፣ ሌባ ናት፣ እኔ…»

«አፍህን ዝጋ፣ ባለጌ።» አንዷ በጃንጥላ አናቱን አለችው። ወፍራሟ ፌቱን ከጭኗ አውርዳ ተነሳችና ፓውሎ ላይ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወዲያ የትም አልሄደም።

ፌቱ ወርዳ ሮጠች። መልሕቅ ከፊት በር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። በኋላ በር ገባች።

የሊዮው ሥራ አስኪያጅ ብሬን ቃል እየሰጠ ነበር፤ ስብሰባው በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። «መብራቱ ጠፋ ማለት መሣሪያው ደነቆረ ማለት ነው፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ይዋሻል» አለች ፌቱ። «ማስረጃው እጄ ባለው ካርድ ላይ ነው።»

ብሬን ሳቀ። «ሠራተኛችን ናት፤ አኩርፋ ነው። ካርዱን እኛ መርምረን መልሱን በሌላ ጊዜ እናመጣለን።»

«ዛሬ እንወስናለን» አሉ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኦፔታ። «ያለሽን አሰሚና እንየው።»

«እንግዲያው ሬዲዮው ይዘጋ፣ ክብርት ሰብሳቢ። የሰው ገመና ነው።»

«የሕዝብ ሕግ ነው፤ ሕዝብ ይሰማል። ካልሆነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።»

ፌቱ ታቪታን አሰበች። ካርዱን ይዛ መውጣት ትችል ነበር። ብሬን ግን ፈገግ እንዳለ ነበር፤ መልሕቅም ውጭ ቆሟል። እውነቱን እንናገር፤ እጇን ያነሳው ሕጉ አይደለም፣ እልህ ነው።

ከፈተችው።

በአዳራሹ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የመሣሪያው ምልክት ታየ፤ መብራት ጠፍቷል። ከዚያ የታቪታ ድምፅ መጣ። «ሎሳ፣ ተኝተሻል? ቱአላ እኮ አለቃ አይደለም። አጭበርባሪ ሽማግሌ ነው።» ሎሳም ሳቀች፤ ሴት ከባሏ ጋር ጓዳዋ ውስጥ ብቻ የምትስቀውን ሳቅ። በየመንደሩ፣ ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ተሰማ።

የብሬን ፊት አመድ መሰለ። አንቀጹ ሕጉ ውስጥ ቀረ። ሊዮ ጆሮዎቹን ከየቤቱ ለቀመ፤ መልሕቅም ወዴት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ።

የታቪታ መንደር ሽማግሌዎችም ተሰበሰቡ። ብዙ አልተከራከሩም።

ፌቱ የተባረረው ቤተሰብ ወደሚሳፈርበት ወደብ መሄድ አልነበረባትም። ፀጉሯን ተቆርጣለች፣ አዲሱ ፓስፖርት ኪሷ ውስጥ ነው። ሄደች። ምንጣፉ፣ ድስቱ፣ እግሩ የታሰረ አሳማ፣ በዕቃው ላይ የተቀመጡ ልጆች። ታቪታ አያትና ፊቱን አዞረ። ሎሳ ግን ቀጥ ብላ መጣች።

«አዲሱን ሕግ አስነብቤዋለሁ» አለች። «ጓዳዬን ያለ ፈቃዴ ያሰማብኝን ሰው መክሰስ እችላለሁ ይላል። የቀዳው ሊዮ ነው። ያሰማሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«ሎሳ፣ እኔ…»

«ይቅርታሽን ልጆቼ አይበሉትም። ስምሽን ንገሪኝ።»

ፌቱ የመርከቡን በር አየች። ሊዘጋ ነው።

«ካላኒ» አለች።

«የማን ልጅ?»

ያልወለዳትን አባት ስም ሰጠቻት። ሎሳ እንዳትረሳው ሁለቱን ስም በአፏ እየደጋገመች ወደ ልጆቿ ተመለሰች። ፌቱ ታክሲ ጠራች።