ባለ መስኮቷ

ታላቁ ጦርነት በተፈጸመ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ገና ባልለቀቀበት በአንድ ሰኞ ረፋድ፣ በወንዙ ዳር ያለው የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር በጭስና በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የድንጋዩን መንገድ እያጠበ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን እየገሠጹ ያልፋሉ፤ በመንገዱ ማዕዘን ባለችው ዝቅተኛ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት ጓንት ሰፊ ቁጭ ብድግ ትላለች።

ታላቅ እኅቷን ከቀበረች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ሲያነሣና ሲያስተኛ የኖረ እጅ በድንገት ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው፤ ወንበሩን ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ መርፌ ትይዝና ክሩን ሳታስገባ ትተወዋለች፤ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ዛሬ ደግሞ የባሰባት፣ ከጳጳሱ ጽሕፈት ቤት የታዘዙ አንድ ሽማግሌ ቄስ የሟቿን ሕይወት ሊጽፉ ስለሚመጡ ነበር፤ ሟቿ በከተማው ሁሉ «ባለ መስኮቷ» በሚል ስም የታወቀች ጸሎተኛ ነበረችና።

ቄሱ መጡ። እርጥብ ካባቸውን አውልቀው፣ ቀለማቸውን ከፍተው፣ ደብተራቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አሉ። «ሕመሙን በትዕግሥት ነው የተቀበለችው?»

«የለም፣ አባ። በኩርፊያ ነው።»

ቄሱ ብዕራቸውን አላነሡም፤ እሷም ለመቀመጥ አልሞከረችም፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ተረከችላቸው።

አባታቸው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ታላቅየዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለአንድ መንኮራኩር ሠሪ የታጨች፣ ስትራመድ ወለሉን የምታናጋ ልጅ ሳለች፣ አንድ ማለዳ ጉልበቶቿ አብጠው መነሣት አቃታት፤ ዓመት ሳይሞላ ቁርጥማቱ ወደ ጣቶቿ ወጥቶ እንደ ጭልፊት ጥፍር አቆለመማቸው። እጮኛዋ ስድስት ወር ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ አገባ። ያን ጊዜ እሷ ጸሎት አቆመች። «አኩርፌዋለሁ» አለች፤ «የሚለው ካለው ራሱ መጥቶ ያናግረኝ።» ሦስት ወር ሙሉ እግዜርን ዘጋችው፤ አባቷ ቢለምን፣ ታናሿ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን ታላቅየዋ አንዲት እንጨት ተሸካሚ በመስኮቷ ሥር ሸክሟን አሳርፋ ስትንሰቀሰቅ አየች፤ ስሟን ጠየቀቻት፤ ባሏ መታመሙን ሰማች፤ ስሟን ይዛም ጸለየች። በማግስቱ ተሸካሚዋ ስታልፍ በስሟ ጠርታ፣ «ባልሽ ተሻለው ወይ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጋዋ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤ መንገደኛም ስሙን እየሰጣት የሚያልፍ ሆነ። የአንድም ሰው ስም አትረሳም ነበር፤ ቆዳ ፋቂዎቹ፣ «ሰማይ ቤት ስማችን ቢረሳ እንኳ እሷ ታስታውስልናለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ከመስኮቱ ሥር ተሰለፉ።

«እርስዎስ?» አሉ ቄሱ። «እርስዎ ደስ ብሎዎት አገለገሉ?»

«እኔማ መሄድ ነበር የምፈልገው። በሃያ ዓመቴ የወደብ ከተማው ጓንት ፋብሪካ ጠርቶኝ ነበር። ቀረሁ። አንዳንድ ቀን ሳነሣት ሆን ብዬ ክንዷን ጠበቅ አደርገው ነበር። እሷም ይገባት ነበር።»

ከዚያ ልትናገረው የፈራችው ቦታ ደረሰች።

ጦርነቱ ባለቀበት መከር የሳንባው ወረርሽኝ ገባ። የከተማው ሹም አዋጅ አስነገረ፤ ቤተ ጸሎቶች ሁሉ ይዘጉ፤ ከሦስት ሰው በላይ በደጅም ሆነ በመስኮት ሥር እንዳይቆም፤ በተላለፈ ቤት ያለ ሕመምተኛ ወደ አሮጌው ሸክላ መተኮሻ ሜዳ ይወሰድ። በዚያ ሜዳ የተተከለው ድንኳን ሰው ሲያስገባ እንጂ ሲያስወጣ ያየው የለም። የሰፈሩ ጠባቂ አምሳ አለቃ ቆቡን አውልቆ ወደ ቤታቸው ገባ።

«እናቴ ራሷ ስሜን እዚህ አስይዛ ነው ከጦር ሜዳ የተመለስኩት» አለ ለታናሽየዋ። «ግን ትእዛዝ ነው። ዛሬ መክሬያለሁ፤ ነገ ሰው ተሰብስቦ ካገኘሁ ጋሪ ይዤ መምጣቴ ነው።»

እሱ እንደወጣ ታናሽየዋ የአባቷን መዶሻ አንሥታ መስኮቱን በሚስማር ቸነከረችው፤ መጋረጃውንም ጋረደችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በሕይወት እያቆየሁሽ ነው፣ እትዬ።»

«አስፈቅደሽኛል?»

«ሃያ ዓመት ተሸክሜሻለሁ፤ ለዚህ ፈቃድ አልጠይቅም።»

አሥራ አንድ ቀን አልተነጋገሩም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መስታወቱን አንኳኳ፤ የታችኛው መንገድ ልብስ አጣቢ ነበረች። «ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ስሟን ብቻ ልንገራት» ትላለች። ታናሽየዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ የስፌት መኪናዋን አብዝታ ረገጠች። ማንኳኳቱ ቆየ፤ ከዚያ ቆመ።

«ማነው?» አለች ከአልጋው ያለችው።

«ነፋስ ነው፣ እትዬ።»

በማግስቱ ታናሽየዋ ጓንት ለማስረከብ ወጣች፤ የልብስ አጣቢዋን ልጅ ሬሳ ሲያወጡም በመንገድ አገኘቻቸው። የተሸከመችውን ጓንት እንደያዘች ሮጣ ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ ስድስት ሴቶች በዝናብ ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል፤ መስታወቱ ተሰብሯል፤ ሃያ ዓመት በእግሯ ያልቆመችው ሴት ከአልጋዋ ወርዳ፣ በክርኗ ተጎትታ፣ በአባቷ ምርኩዝ ጫፍ መስታወቱን ሰብራ፣ ከወለሉ ላይ ሆና ደም በሚፈስሰው እጇ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛ፣ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ እየጠየቀች ነበር። ታናሽየዋ መዶሻውን አምጥታ ሚስማሮቹን ነቀለች።

ጥቂት ቆይቶ አምሳ አለቃው መጣ። ሴቶቹን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለና በሌላው መንገድ ሄደ። እስከ ወረርሽኙ ፍጻሜ በዚያ መንገድ አላለፈም። ባለ መስኮቷንም ወረርሽኙ አልነካትም፤ ከዓመት በላይ ኖራ በልብ ድካም አረፈች።

«እንግዲህ ያረፈች ዕለት ጠዋት» አለች ጓንት ሰፊዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ብላ፤ «‹ነፋስ ነው ያልሽኝ ቀን ነፋስ እንዳልነበረ አውቄያለሁ› አለችኝ። ‹ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ጋሪውን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ስለ ዋሸሽልኝ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያን ደስታዬን ስጸየፈው አደርኩ› አለችኝ።»

ቄሱ ብዕራቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ምእመናንን የሚያንጽ አይመስለኝም።»

«አባ፣ ያልፈራች ሴት መስታወት ብትሰብር ምን ያስደንቃል? እኔን ያስደነቀኝ ፈርታ ሳለ ከአልጋ መውረዷ ነው። ይጻፉት። ሚስማሩንም ይጻፉት፤ የእኔ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ፤ ሁሉንም እንደነገረቻቸው ጻፉት። ሲወጡም በደጁ ላይ ቆመው፣ «እኔም በዚያ መከር ቤተ ጸሎቴን ዘግቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር» አሉ፤ መልስም ሳይጠብቁ ሄዱ።

ከዚያ ቀን በስምንተኛው ወር አሥራ ስድስት ገጽ ያላት መጽሐፍ ታተመች። የጻፉት ቄስ ከመታተሟ በፊት ሞተው ስለ ነበር፣ ጽሑፉን ያቃናው ሌላ ሰው ነው፤ በእርሱ እጅ ባለ መስኮቷ «ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች ማጉረምረም» ታማ፣ «በታማኝ ታናሽ እኅቷ እቅፍ» አረፈች። ጓንት ሰፊዋ መጽሐፏን ቆማ አነበበች፤ ማን ጋ ሄዳ አቤት እንደምትል ግን አላወቀችም። በዚያው ወር ቤቱን ለቅቃ ወደ ወደቡ ከተማ ሄደች፤ በፋብሪካው አጠገቧ ለተቀመጠች ሴት ሁሉ እውነቱን ትነግር ነበር፤ የሚሰሟት ግን በመኪናዎቹ ጩኸት መካከል የሰሙትን ያህል ብቻ ሰሙ። በዚያም አልረጋችም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀይራለች ይባላል።

የከተማው መዝገብ ደግሞ ለዚያ ወረርሽኝ ግማሽ ገጽ ሰጥቶታል። ከሥሩ የየሰፈሩ ጠባቂዎች ቃል ተያይዟል፤ በአምሳ አለቃው እጅ የተጻፈው፣ «በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር አዋጁን የተላለፈ አንድም ቤት አልተገኘም» ይላል። ታሪክ ያቆየልን እነዚህን ሁለቱን ነው፤ አንዱን ለሟቿ ክብር ሲባል የተዋሸውን፣ አንዱን ለሕያዋኑ ምሕረት ሲባል የተዋሸውን፤ በሁለቱም መሐል ያለችው፣ ያኮረፈችው፣ የፈራችው፣ ከአልጋዋ የወረደችው ሴት አልተመዘገበችም። የልብስ አጣቢዋ ልጅም ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገኝም።