እንጅባራ ምን ሙቀት አለ?

ኮምፒውተሩ ላይ ክቧ ምልክት ትዞራለች። ናርዶስ አገጯን በእጇ ደግፋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ከኋላዋ የቆሙት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችም ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ገጹ ነጭ ሆነና ያቺ የታወቀች መልእክት ብቅ አለች፦ ስክሪፕቱ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ስለፈጀ ተቋርጧል።

«በቃ፣ ሞተ» አለ አንደኛው ልጅ። «ያን ሁሉ ጥያቄ ሠርቼ ውጤቴን ሳላውቅ ልሄድ ነው።»

«አልሞተም። ትንሽ ደክሞት ነው» አለች ናርዶስ።

«ጠዋት ለእነ ሀይማኖት ሠርቶ የኛ ተራ ሲደርስ ይደክመዋል?»

ልጁ እውነቱን ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ ረፋዱ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ከሰዓት በኋላ ጨርሶ ይተኛል። ተማሪዎቹ እያጉረመረሙ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አገር አቀፉ ፈተና ደርሶባቸዋልና ባያጉረመርሙ ነበር የሚገርመው።

ሰርቨሩ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ነው። በኬብል ከጎረቤት ክፍል ኮምፒውተሮች ጋር ተያይዟል። ተማሪዎች እዚያ ተቀምጠው የመለማመጃ ጥያቄ ይሠራሉ፤ «ውጤት» የሚለውን ሲጫኑ ሰርቨሩ ላይ ያለ ስክሪፕት መልሳቸውን አርሞ የትኛው ምዕራፍ ላይ ደካማ እንደሆኑ ይነግራቸዋል። ፕሮግራሙ በገንዘብ የተገዛ አይደለም። «የክፍት ኮድ ወዳጆች» የሚባሉ፣ በየከተማው ተበትነው በኢንተርኔት ብቻ የሚገናኙ ሰዎች ጽፈው ለፈለገ ሁሉ በነጻ የሰጡት ነው። ውጤት የሚደምረውን ስክሪፕት የጻፈው እንግዳው የሚባል የዳንግላ ልጅ ሲሆን ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል፣ ሲመሽ ኮድ ይጽፋል።

ናርዶስ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት። የአይሲቲ መምህሯ ጋሽ አድማሴ ከፋሲካ በኋላ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሲሄዱ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ጆሮዋ ላይ ሹክ ብለው «አደራ» አሏት። አደራ ደግሞ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ስትራመድ እንኳ ትንሽ ቀጥ ብላ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ግን እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ ነው። ናርዶስም ወደ ወዳጆቹ የኢንተርኔት መድረክ ገብታ ጻፈች። «ስህተት ሳይኖርበት አይቀርም» ብላ ብትጽፍ ምን ነበረበት? እሷ የጻፈችው «ውጤት የሚደምረው ስክሪፕት ስህተት አለበት» ብላ ነው፤ ከነስሙ፣ ከነጻፈው ሰው።

ማንም አልተቆጣትም። አንዱ የጊዜ ገደቡን ከፍ አድርጊው አላት፤ አደረገች። ዋጋዬ የምትባል የሐዋሳ ሴት ሥራውን ከፋፍሎ የሚሠራ ሌላ ኮድ ጽፋ ላከችላት፤ ሞከረች። ሁሉም ጠዋት ይሠራል፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ ይቆማል። እንግዳው ራሱ ኮዱን መስመር በመስመር አብሯት ሲመረምር ሰነበተና በመሃል እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «እህቴ ናርዶስ፣ ሞኝ ጥያቄ እንዳትዪኝ። ኮምፒውተሩ ይሞቃል ወይ? አየር ያገኛል?»

ናርዶስ ያን ዕለት ከተማሪዎቹ ነገር ስትሰማ ውላ ተናዳ ነበር። ከወንበሯ ሳትነሳ መለሰች፦ «ወንድሜ፣ እኛ ያለነው እንጅባራ ነው። እንጅባራ ምን ሙቀት አለ? እኛ ራሳችን ሙቀት ብናገኝ ደስ ባለን።»

መድረኩ በሣቅ ተሞላ። «ለሰርቨሩም ጋቢ ግዙለት» ያለም ነበር። እንግዳውም አብሮ ሣቀ፣ የሙቀቱንም ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳው።

ትናንት ማታ ግን እንግዳው ሌላ ነገር ጽፎ አደረ። «ብዙ ፈለግኩ። የማሽኑም የኔትወርኩም ካልሆነ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ከመጀመሪያው እንደገና እጽፈዋለሁ። እስከዚያው ሌሎች ትምህርት ቤቶች ስክሪፕቱን ባትጭኑት ይሻላል፤ ልጆቹን በፈተና ሰሞን እንዳላሳዝን።» ከሥሩ ከጥሊሊ አንድ መምህር «እሺ፣ ዛሬ ልንጭነው ነበር፤ እንጠብቃለን» ብለዋል።

ናርዶስ ያን ደጋግማ አነበበችው። ስክሪፕቱ ስህተት እንዳለበት እርግጠኛ ነበረች፤ ሰውየው ግን አሳዘናት።

ቅዳሜ ጠዋት ከመሳፍንት ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተገናኙ። መሳፍንት የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ስለ ኮድ ብዙም አያውቅ፣ ግን ለመሳቅና ብስኩት ለማምጣት ማን ብሎት። ከጠዋት ጀምሮ ተራ በተራ እየተፈተኑ «ውጤት» ይጫናሉ። ሠራ። ረፋዱ ላይ ሠራ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አሁንም ዓይን ሳይጨፈን ውጤቱ ዱብ ይላል።

«ምን ነካሽበት?» አለ መሳፍንት።

«ምንም። መጀመሪያ የነበረውን ኮድ ነው የመለስኩት።»

«እንግዲያው ሰው ሲበዛበት ያፍራል።»

በዚህ መሃል እትዬ ደጊቱ በሩን በክርናቸው ገፍተው ገቡ። እትዬ ደጊቱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ናርዶስን ግን መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ማንበብ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ እንደ ልጃቸው ይዘዋታል። ለእሷ ሲሉ ቅዳሜም ይከፍታሉ። በእጃቸው የያዙት ትናንት ሊያጥቡት ወደ ቤት የወሰዱት የሰርቨሩ ልብስ ነው።

ልብስ ሲባል እንዲያው ልብስ እንዳይመስላችሁ። ጾሙን ሙሉ በኪሮሽ የሠሩት ነጭ ዳንቴል ነው፤ ጠርዙ ቢጫ፣ ግንባሩ ላይ ለናርዶስ ስም «ና» የምትል ፊደል ያለችበት። ከውስጥ ደግሞ አቧራና ብርድ እንዳይገባ በወፍራም ጨርቅ ገብረውታል። ጋሽ አድማሴ በሄዱ በሳምንቱ ያመጡት ዕለት ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ መጥተው አይተው አድንቀዋል። ናርዶስም በየጠዋቱ ማሽኑን ከከፈተች በኋላ ፊደሏ በትክክል ወደ ፊት እንድትሆን አድርጋ በገዛ እጇ ታለብሰዋለች።

«ፀሐይ እንቢ ብሎ እሳት ዳር ነው የደረቀው» አሉ እትዬ ደጊቱ። ዳንቴሉን ዘርግተው ማሽኑን እስከ ጀርባው ድረስ አለበሱት፣ ጠርዙን ቁልቁል ሳብ ሳብ አደረጉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወንበር ስበው ከጎኑ ተቀመጡና እጃቸውን በዳንቴሉ ሥር ሰደዱ። «ይቺ ማሽን እኮ ባትኖር በዚህ ብርድ እጄ ደርቆ ይቀር ነበር።»

ናርዶስ ፈገግ ብላ «ውጤት» ተጫነች። ሠራ። መሳፍንት ሌላ ፈተና ጨርሶ ተጫነ፤ ትንሽ ቆይቶ ሠራ። ቀጥሎ ሲጫን ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች።

ናርዶስ ምልክቷን ትታ የእትዬ ደጊቱን እጆች አየች። በዳንቴሉ ሥር እንደ ምድጃ ዳር እጅ ተዘርግተዋል፤ አንዱን ሲያወጡት መዳፉ ቀልቷል።

እትዬ ደጊቱ የውጭውን በር ሊያዩ ወጣ ሲሉ ብድግ አለችና እጇን ወደ ማሽኑ ጀርባ ላከች። ወዲያው መለሰችው። የሚነካ አልነበረም። ዳንቴሉን ገፈፈችው። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ሲያጓራ ቆየ፣ ከዚያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። ጥቂት ጠብቃ «ውጤት» ተጫነች። ውጤቱ ዱብ አለ።

«አገኘሽው» አለ መሳፍንት፤ ነገሩ ገብቶት ሣቁ አፈነው። «ሰርቨሩ ጋቢ ለብሶ ነበር!»

ናርዶስ አልሣቀችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እንጅባራ ምን ሙቀት አለ ያለችው ራሷ ናት። ሰው ሁሉ እያየ፣ ሰው ሁሉ እየሣቀ።

«በቃ ‹ተፈታ› ብለሽ ዝጊው» አላት መሳፍንት። «አቦ ማን ይጠይቅሻል? እውነቱን ከጻፍሽማ እስከ ሐዋሳ ድረስ ሙድ ይይዙብሻል።»

«እንግዳውስ?»

«ስክሪፕቱን እንደገና ይጽፋል። የበለጠ ያምርለታል እንጂ ምን ይጎድልበታል?»

የመድረኩ ደንብ አንድ ናት፦ የጠየቀ ሰው መፍትሔውን ሳይጽፍ አይሄድም፤ ነገ ሌላው በዚያው ችግር ሲቸገር አንብቦ እንዲወጣበት። ናርዶስ ይህን ታውቃለች። ብትጽፍ ግን የሚሣቅባት እሷ ብቻ አይደለችም። እትዬ ደጊቱስ? ዓይናቸው እየደከመ ጾሙን ሙሉ የለፉበት ነገር መሣቂያ ሊሆን ነው። ገጹን ከፈተችና «ተፈታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። ለእትዬ ደጊቱ ስል ነው አለች በልቧ። እውነት ለመናገር ለራሷም ነበር፤ እሱንም ታውቀዋለች።

ልትልክ ስትል ዓይኗ ከፍ ብሎ ሄደ። የእንግዳው ጥያቄ እዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ይሞቃል ወይ? ከሥሩ የእሷ ቀልድ፣ ከቀልዱ ሥር ያ ሁሉ ሣቅ። ከሁሉም በታች «ጥፋቱ የኔ ነው።»

የጻፈችውን አጠፋችው።

እትዬ ደጊቱ ሲመለሱ ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ አገኙት። «ምነው ገፈፍሽው? አልደረቀም እንዴ?»

«ደርቋል፣ እትዬ።» ናርዶስ ከወንበሯ ተነሳች። ተቀምጣ የሚነገር አልመሰላትም። «ማሽኑ ታፍኖ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው በዚህ በጀርባው በኩል ነው። ሲሸፈን መውጫ ያጣል፤ በጣም ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ሥራውን ያዘገያል። ልጆቹ ውጤት ሲያጡ የከረሙት በዚህ ነው።»

እትዬ ደጊቱ ማሽኑን አዩ፣ ዳንቴሉን አዩ። በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙ፤ ናርዶስ አገውኛ አትሰማም፣ ቢሆንም ደስታ እንዳልሆነ ገባት።

«ሲያጓራ ስሰማው እኮ በረደው ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውም ብርድ ሲይዘው እንዲሁ ያንቀጠቅጠዋል።»

መሳፍንት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለች ናርዶስ። «በየጠዋቱ የማለብሰው እኔ ነኝ። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ይሞቃል ወይ ብሎ ጠይቆኝም ነበር። ተነስቼ እንኳ ሳልነካው አሣቅኩበት። አሁን እሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሥራውን ሁሉ እንደገና ሊጀምር ነው።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ልትጽፊለት ነው?»

«ሰው ሸፍኖት ነበር እላለሁ።»

እትዬ ደጊቱ ቀና አሉ። «ሰው? ሰው ስም የለውም? ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበትን ሰው ሠራው ትያለሽ? ደጊቱ ሠራችው በይ እንጅ።»

«ይሣቁብዎታል እትዬ።»

«ይሣቁ። ሲሣቁ ግን ዳንቴሉንም አይተው ይሣቁ። አንተ፣ በስልክህ አንሳው» አሉ ወደ መሳፍንት ዞረው። ዳንቴሉን ከጠረጴዛው አንስተው በናርዶስ ወንበር መደገፊያ ላይ አለበሱት፣ «ና» የምትለዋን ፊደል ወደ ፊት አደረጓት፣ ጠርዙን ሳብ ሳብ አደረጉለት። «እዚህ ይሁን። ጀርባሽን ያሞቅልሻል። አንቺ ስትግይ እንደሁ አፍ አለሽ፣ ትናገሪያለሽ።»

ናርዶስ ሣቀች። እቅፍ አድርጋ ሳመቻቸው። ከዚያ ዳንቴሉ ላይ ተደግፋ ተቀመጠችና ፎቶውን አስገብታ መጻፍ ጀመረች። ስክሪፕቱ ምንም ስህተት እንደሌለበት ጻፈች። የጥሊሊው መምህር ዛሬውኑ ሊጭኑት እንደሚችሉ ጻፈች። ዳንቴሉን እትዬ ደጊቱ እንደሠሩት፣ በየጠዋቱ ያለበሰችው ግን ራሷ መሆኗን ጻፈች። ሌላ የምትለው ስታጣ ወደ ላይ ወጥታ የእንግዳውን ጥያቄ ቀዳችና ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፦

«ወንድሜ እንግዳው፣ ቆይቼ ነው የነካሁት። አዎ፣ ይሞቃል።»

መላኪያውን ተጫነች። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ደካማ ነበርና ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ናርዶስ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።