ከዝርዝሩ ውጪ የተነገሩ አራት ቃላት

ፈታኟ እርሳስ እየቀረጸች ነበር። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ የሚሞላ ወረቀት ባይኖርም እጇ ልማዱን አልተወም። ሽበታሟ መርማሪ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየቻትና ገባች።

የማስታወስ ችሎታ የሚመረመርበት ክሊኒክ ሐኪም ትናንት ረፋድ ላይ ከጓሮ ደረጃው ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኝታለች። ራስጌዋ የቆሙት መርሳት የጀመራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መነጽሯን ይዘው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ይሉ ነበር። ፖሊስ «ገፍተዋት ረስተውታል» ብሎ፣ ዛሬ ከሰዓት በር ወደሚቆለፍበት ማቆያ ሊወስዳቸው ነው።

«ፈተናው እንዴት ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ማሽኑ አሥራ አምስት ቃላት ያሰማቸዋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስክሪን ላይ ቅርጽ ያስነካቸዋል። በመጨረሻ ያስታወሱትን ቃል ይናገራሉ። ድሮ ሁሉንም የማደርገው እኔ ነበርኩ።»

«ትናንት ሽማግሌው ሲፈተኑ በዚያ ግማሽ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ታች፣ ማሽኑን ከሠራው ፕሮግራመር ጋር። የተመለስኩት ለመጨረሻው ክፍል ነው።» ድምጿ ቀነሰ። «በሩን ክፍት ትቼው ወጣሁ። በወረቀቱ ዘመን ቢሆን በሩን ዘግቼ ከአጠገባቸው አልነቃነቅም ነበር።»

ስክሪኑ ላይ የሽማግሌው ውጤት «ሁለት» ይላል።

«ሌላ ቃል አልተናገሩም?»

ፈታኟ አፍራ ከኪሷ ብጣሽ ወረቀት አወጣች። «ከዝርዝሩ ውጪ ያሉትን ጽፌያለሁ። ልማድ ነው። ማሽኑ አይቆጥራቸውም።»

መርማሪዋ አነበበችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ክፍሉ አስጠራች።

የሐኪሟ ወንድም፣ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ዓይኑ አብጦ ገባ። «እኔ ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት። ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ ነበርኩ። እታለምን ያህል ሰው! ለሽማግሌውም ፈጣሪ ይቅር ይበላቸው።» ሽማግሌው ከልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ።

«እናንተስ ሐኪሟን ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሯት?» አለች መርማሪዋ ወደ ሌሎቹ ዞራ።

«ዶክተር ነዋ!» አለ ፕሮግራመሩ። «ሌላ ብላት በሕይወት አታኖረኝም...» የተናገረው ቀፎት አቀረቀረ። ፈታኟም «ዶክተር» አለች።

«አባባ በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ ስክሪኑን መንካት ለሠላሳ ሰከንድ እንኳ አላቋረጡም፤ ማሽኑ መዝግቦታል» አለች መርማሪዋ። « ከወንበራቸው ተነስተው ሲያገኟት ደሟ ረግቶ ነበር። እሳቸው ሲቀመጡ ደኅና ነበረች። ስለዚህ የሞተችው እሳቸው እዚህ ሳሉ ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ደረጃው ደግሞ አሥር እርምጃ አይሞላም። ቃላቱ ሲጠየቁ ይህን ጨመሩ፦ ፊርማ። ጤነኛ። ውሸት። እታለም።»

«ማሽኑን በሚያጸድቀው ሰነድ ላይ አልፈርምም ብላ ነበር» አለ ፕሮግራመሩ ቀስ ብሎ። «ስክሪን ነክተው የማያውቁ ጤነኛ አዛውንቶች በማሽኑ በሽተኛ ሆነው ይወጣሉ፣ ከወረቀቱ እኩል ነው ማለት ውሸት ነው ትል ነበር።»

ወንድምየው ሳቀ። «ማስረጃዎ የሚረሳ ሰው ወሬ ነው?»

«አስታውሰው ቢነግሩኝ እጠራጠር ነበር። እሳቸው ግን ጠብ መስማታቸውን እንኳ ሳያውቁ፣ በተከፈተው በር የሰሙትን ቃል ከዝርዝሩ ጋር ቀላቀሉት። እታለም ብሎ የሚጠራት ሰው እዚህ ነበር። እንዲያ የሚጠራት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ብጣሽ ወረቀቱን ወንድምየው ፊት አስቀመጠች።

«እንድትፈርም ክንዷን ያዝኩ እንጂ...» አለ ወንድምየው፤ አልጨረሰውም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ እሱ ተራመደ።

ኮሪደሩ ጸጥ ሲል ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። «ሐኪሟ አልመጣችም እንዴ? ጥሩ ልጅ ናት።»

ልጃቸው ክኒንና አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀረበችላቸው። «ዛሬ አትመጣም፣ አባዬ። ይልቅ መድኃኒትዎን ይዋጡ።»

ውጠው ውኃውን እስከ ጭላጩ ጠጡ። ብርጭቆውን ተቀብላ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችው።