የሱፍ አበባ በዛፍራን ጣሳ

ጣሳው ሲከፈት ውዱ ቅመም ዛፍራን የለም። የስፔን ማኅተም በተመታበት ጣሳ ውስጥ ያለው የሱፍ አበባ ነው። ቀይ፣ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው። ሌሎቹም ጣሳዎች እንደዚያው።

ኻሊዳ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ባለው ሱቋ ደጃፍ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። ዛፍራኑን በዶራሌ ወደብ በኩል ያስመጣችላት ጎረቤቷ ተናኘወርቅ ናት። ተናኘወርቅ አያቷ ከኢትዮጵያ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሷም እዚሁ ቅመም ስትነግድ የሸበተች ሴት ናት።

የኻሊዳ ወንድም ሙጠሊብ ጊዜ አልፈጀም።

«ሱፍ የማን ነው? የሐበሾች። ጣሳዎቹ ያደሩበት መጋዘን ቁልፍ ያለን ከተናኘወርቅ ጋር ሦስታችን ነን። እኔና እህቴ የራሳችንን አንሰርቅም።»

ፖሊስ ተጠራ። የመጣችው ኢንስፔክተር ዓቢዳ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ አማርኛ አይቸግራትም።

«እትዬ ተናኘወርቅ፣ ምን ይላሉ? ጣቢያ ከሄድን ሱቅዎ ይታሸጋል።»

«አልሄድም። ስሜ እዚህ ጠፋ፣ እዚሁ ይጣራ።»

«ሱፍ አይሸጡም?»

«እሸጣለሁ እንጂ! ግቢና እይው። ፍሬ ነው። ለጾም አምሰን፣ ወቅጠን፣ አጥልለን እንጠጣዋለን። አበባውማ እዚያው ማሳ ላይ ይቀራል። ምን ልሁን ብዬ አመጣዋለሁ?»

ዓቢዳ ገብታ ፈተሸች። እውነትም ፍሬ ብቻ።

«ታዲያ አበባው ለማን ይጠቅማል?»

ኻሊዳ ወንድሟን አየችው። ቀድሞም ገብቷት ነበር፤ ወንድም ሆነባት እንጂ።

«ለእኛ ለዐረቦቹ» አለች። «ዛፍራን ሲወደድ ሩዝ እናቀልምበታለን። የሚያመጣውም እሱ ነው።»

የሙጠሊብ ክፍል ተፈተሸ። ከአበባው ከረጢት ሥር ዛፍራኑ በጨርቅ ተቋጥሮ ተገኘ። ሰውየው ቅንጣት አላፈረም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ዛፍራንን ስፔን ወስደው የተከሉት ዐረቦች ናቸው። ስሙም የኛ ነው። ዛሬ መልሰው ለኛው ይሸጡልናል፣ እህቴም እኔ ከዱባይ የማመጣውን ትታ የስፔን ትላለች። የስፔኑ ሐሰተኛ ነው እንዲባል ነው ያደረግኩት።»

ተናኘወርቅ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ዐረቦቹም ከፋርስ ተቀብለው ነው። ተቀበሉ፣ ወሰዱ፣ ተከሉ። አበባ ሞጅረው በጎረቤት ግን አላላከኩም።»

ሙጠሊብ በፖሊስ መኪና ሲሄድ ኻሊዳ የጎረቤቷን እጅ ልትይዝ ሞከረች። ተናኘወርቅ ነጥቃት ወደ ሱቋ ገባች። የሱፍ ፍሬውን ጆንያ እየጎተተች አውጥታ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው አፉን ከፍታ በሩ ላይ አቆመችው።