ጥሩው ጨው ለበሬው

ፎገራ ላይ ለከብት የሚደረገውን እንክብካቤ ያየ ሰው ይደነቃል። እኔ ግን ነርስ ነኝና አንዳንዴ ያበግነኛል።

የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ይርዳው ወረታ ገበያ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ጨው ይገዛል። አዮዲን ያለበት፣ የታሸገው ነጭ ጨው ለሚያደልበው በሬ ነው። በጆንያ ተዘርግፎ የሚሸጠው ጥሬ ጨው ደግሞ ለቤት ይገባል። ሚስቱ እማዋይሽ ወጥ የምትሠራው በዚሁ ነው።

እማዋይሽ እንቅርት ካወጣች ከራርማለች። ጎረቤት ያጠፋዋል ብሎ መክሮ አንገቷን አስነቀሳት፤ እብጠቱ ግን ከንቅሳቱ ሥር ማደጉን ቀጠለ። ቆይቶ ድካም መጣ። ሩዝ ስታርም ጎንበስ ብላ ቀና ማለት ያቅታታል፤ በቀትር ሰው ሁሉ ሲያልበው እሷን ይበርዳታል። ሰፈሩም “ሰነፈች” አላት። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመስጠትማ ማን ይቀድመናል!

አርግዛ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ባሏም አብሯት ነበር። ሦስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ፍሬህይወት እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር፤ አትሄድም፣ አትናገርም። የእናትና የልጅ ደም ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ይርዳውን አስቀመጥኩት።

“ሚስትህ አልሰነፈችም። ጉሮሮዋ ላይ ያለው ዕጢ ታሟል” አልኩት። “ይህ ዕጢ ከምንበላው ጨው አዮዲን እየወሰደ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ በደም እየዞረ የልብን አመታት፣ የገላን ሙቀት፣ የልጅን እድገት ያዛል። የፅንስ አእምሮም ያለ እሱ በደንብ አይሠራም። አዮዲን ያጣ ዕጢ የጎደለውን ለማሟላት ሲታገል ያብጣል።”

“ኧረ ሲስተር! እንቅርት እኮ የዘር ነው። እናቷም ነበረባት።”

“እናቷስ የበላችው ይህንኑ የጆንያ ጨው አይደል?”

“የታሸገው ጨው ወጥ ያበላሻል ይላሉ። በሬው ግን ይወደዋል፤ ለፋሲካ የሚሸጥ በሬ ነው እንጅ!”

“አንተ ሰውዬ፣ ለበሬው ያሰብከውን ያህል ለእነዚህ ብታስብ ምን ነበረበት?” ብዬ ጮህኩበት።

ይርዳው ልጁን ከእናቷ ጀርባ አውርዶ ታቀፋት።

“ከዛሬ ጀምራ ጥሩውን ጨው ብትበላ ይች ልጅ ትናገራለች?”

“መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ይረዳታል። በማኅፀን የቀረባትን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።”

እማዋይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ይርዳው “በሆዷ ያለውስ?” አለኝ።

“ለእሱ ዛሬውኑ ከጀመርን እንደርስለታለን።”

እማዋይሽ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ዋጠች፤ የቤቱም ጨው ተለወጠ። ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ከድናችሁ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። አንገት ሲያብጥ ወደ ነቃሽ ሳይሆን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ዓመት ሲሞላው ይርዳው ለክትትል ይዞት መጣና ሕፃኑ እኛው ፊት “አባ” አለ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ይርዳው ግን ከጎኑ የተቀመጠችውን ፍሬህይወትን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።