ከካርታ የወጣው አገር

ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፹፮ ዓ.ም. በለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ከንጋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ፤ ግራዝማች ኃይለልዑል ግን ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ከወንበራቸው ሳይነሡ መሸ። ልጃቸው ሮማንወርቅ ከሂትሮው የጽዳት ሥራዋ እንደ ገባች በጠዋት የደረሳቸውን ደብዳቤ አስነበቧት፤ የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱን ሁለት ጊዜ ብትደግምላቸውም ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው፤ አመልካቹ ተወለድሁበት ያሉት ቤጌምድር በአገሪቱ ካርታ ላይ ስላልተገኘ ቃላቸው አይታመንም ይላል።

ይህ የተጻፈው እንግዲህ ዕድሜያቸውን በአገር ግዛት ሚኒስቴር የአውራጃና የወረዳ ድንበር ሲያካልሉ ለኖሩ ሹም ነው። በ፲፱፻፶ ዓ.ም. አስተዳደር እንዲማሩ ወደ ፈረንሳይ ተልከው አንድ ዓመት ሎዜር በምትባል የገጠር ዲፓርትማ፣ በእኛ አውራጃ እንደ ማለት፣ ከርመዋል፤ ድንጋይ የበዛባት፣ ነፋሷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ፣ ከሰው ይልቅ ከብት የሚበረክትባት ደጋ ናት። የፈረንሳይ አብዮተኞች ዤቮዳን የተባለውን ጥንታዊ ግዛት አፍርሰው በተራራዋ ስም ሎዜር አሏት፤ ኋላም በማንድ ከተማ አገረ ገዥ ተሾመባት። ገበሬው ግን ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም አገሬ ዤቮዳን ነው ይል ነበር፤ ግራዝማች ያን ጊዜ በገበሬው ስቀው፣ በመንግሥቱ አሠራር ተደንቀው ተመለሱ።

በለንደኑ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ የትውልድ ቦታቸውን ሲጠየቁ፣ በአገራችን የማመልከቻ ሥርዓት ጠቅላይ ግዛቱን፣ አውራጃውንና ወረዳውን አከታትለው ተናገሩ፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መለወጡን እያወቁ ሹመታቸው የነበረበትን ዘመን ስም አልተዉም። ሮማንወርቅ ጭንቅ ያዛት፤ ይግባኙ ካልተሳካ አባቷ ወደ አገር ተሳፍረው የሸሹት እስር ቤት መግባታቸው ነው።

«አባባ፣ ሎየሩ የሚለው አፒሉ ላይ አዲሱን ስም ብቻ ይንገሯቸው ነው። ክልል ሦስት ይበሉና እንገላገል።»

«ሰው በቁጥር ውስጥ አይወለድም፤» አሉ ግራዝማች።

በየካቲት ወር ችሎት ቀረቡ። ዳኛዋ ሽበታም ሴት ነበሩ፤ ግራዝማችም የሎዜርን ታሪክ በአስተርጓሚ ካስረዱ በኋላ፣ «ከዚያ የመጣ ሽማግሌ የዤቮዳን ሰው ነኝ ቢልዎ ሐሰተኛ ይሉታል?» ሲሉ ጠየቁ። ዳኛዋ ጻፉ፤ ከዚያም የቀድሞ ሥራቸውን ከመዝገቡ አይተው ቀና ብለው፣ «እርስዎስ ከካርታ ባወጡት ስም የሚጠራ ሰው ቢሮዎ መጥቶ ያውቃል?» አሏቸው።

ግራዝማች ደነገጡ። ባላምባራስ ሳህሉ የተባሉ አዛውንት ትዝ አሏቸው፤ ግራዝማች በአንድ ፊርማ ከጎረቤቷ ከቀላቀሏት ወረዳ ዘጠኝ ቀን ተጉዘው፣ ስሟ ይመለስልን ብለው የመጡ ሰው ነበሩ። ግራዝማች ግን ማመልከቻቸውን አላነበቡላቸውም፤ በመዝገብ የሌለ ወረዳ ነዋሪ የለውም ብለው አሰናበቷቸው። ባላምባራስ ወረቀታቸውን አጥፈው፣ እጅ ነሥተው ወጡ።

«መጥቷል፤ ሳልሰማው አሰናብቼዋለሁ፤» አሉ። ጠበቃቸው አንገቱን ደፋ።

ዳኛዋ ለመዝገቡ የወረዳዋን ስም ጠየቁ። ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ፤ ስሙ አልመጣም። ያካለሉትን ወረዳ ሁሉ በጣታቸው እየቆጠሩ ቢፈልጉ፣ ከሰሜኑም ከደቡቡም ቢጀምሩ፣ ያቺ አንዲቱ የለችም።

በወሩ ፈቃዱ መጣ፤ በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ቃሉ ይታመናል ይላል። ሮማንወርቅ በደስታ አለቀሰች፤ ግራዝማች ግን ደብዳቤውን ተቀብለው ጀርባው ላይ የወረዳ ስሞች መጻፍ ጀመሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ያቺን ስም አላገኙም። ዤቮዳንን ፈረንሳዮች በታሪካቸው ጽፈውታል፤ ቤጌምድርንም የሚያነሣ አይጠፋም። የባላምባራስ ሳህሉን ወረዳ የሰረዘው ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ በመዝገብ ቤት ሰፍሯል፤ የተሰረዘውን ስም ግን ያን ጊዜ መጻፍ አላስፈለገም ነበር።