አቾል ያነበበችው ጽሕፈት

አቾል ከደቡብ ሱዳን መጥታ አሰላ ውስጥ ሕክምና የምትማር ልጅ ናት። እኔ ለሊሳ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ጥበቃ ነበርኩ። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቦርሳዋን በጣቴ ጫፍ ብቻ ነካ አድርጌ ፈተሽኩ።

«አትፍራ፣ ሙዝ ብቻ ነው» አለችኝ እየሳቀች።

በማግስቱ አንዱን ሙዝ ሰጠችኝ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ጽሕፈቴ ንጹሕ ነው። ፊደል አስተምረኝ ስትለኝ ደብተር ገዝቼ ሀሁን ጻፍኩላት። በእረፍቴ ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ስታነብ እሰማታለሁ።

«የሌላ ሰው ጽሕፈት ጉንዳን ይመስለኛል። ያንተን ግን አነባለሁ!»

እወድሻለሁ ልላት እፈልጋለሁ... አፌ እምቢ ይለኛል።

አንድ ቀን አለቃችን ሃምሳ አለቃ ኃይለመስቀል በር ላይ ፓስፖርቷን ቀማት።

«የውጭ ተማሪ ፓስፖርት እኛ ጋ ነው የሚቀመጠው!»

«በየትኛው ሕግ? የእኔ ነው፤ ይመልሱልኝ!»

ገፈተራት። ወደቀች። ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ... እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከሰዓት አለቃዬ ጠራኝ።

«ና አንተ ባለ ጽሕፈት! ‹ጥበቃ በጥፊ መታች› ብለህ ጻፍ።»

«ጌታዬ፣ እሷ እኮ አልመታችም...»

«ኢተያ ተመልሰህ ጆንያ መሸከም አማረህ?»

ጻፍኩ። አሳምሬ ጻፍኩ።

ክሱ የቀረበለት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጥፋተኛ ካላት ከትምህርቷ ትባረራለች። እኔ ለምስክርነት ተጠርቼ ጥግ ይዣለሁ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሄለን ክሱን ሰጧት።

«አስተርጓሚ እንጥራልሽ?»

ወረቀቱን አየች። ቀጥሎ እኔን።

«አያስፈልግም። ይህን ጽሕፈት ማንበብ እችላለሁ።»

ልክ እንዳስተማርኳት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ጥ...በ...ቃ... በ...ጥ...ፊ...»

መቀመጥ አቃተኝ።

«ውሸት ነው! የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ነው የገፈተራት፤ እሷ ማንንም አልነካችም!»

ክሱ ተሰረዘ፤ ፓስፖርቷም ተመለሰላት። አለቃዬ ታገደ። እኔ በሐሰት ስለጻፍኩ ተባረርኩ፤ የሚገባኝ ነበር።

የደንብ ልብሴን አስረክቤ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አቾል... እወድሻለሁ። ቀና ብዬ ላይሽም አፍሬያለሁ።»

«እኔም እወድህ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ለሊሳ። ግን ስወድቅ ጫማህን አየህ። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር መቀመጥ አልችልም።»

ደብተሩን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

አሁን ኢተያ ስንዴ እሸከማለሁ። ደብተሩን የገለጥኩት አንዴ ብቻ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ የእኔን በሚመስል ጽሕፈት፣ ከመውደቋ በፊት የነበረውን ማክሰኞ ቀን ጠቅሳ የጻፈችው አንድ መስመር አለ።

«ለሊሳ ጥሩ ሰው ነው።»